ያልተደወለው ደወል

ድምቡሼ ዱላዋን ወደ ኋላ አንስታ ኳሷን ልትመታ ስትል ቁንዶ «እህህ» ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች።

የጉንፋን ሳል አልነበረም። ታስቦበት፣ ጊዜው ተጠብቆ፣ ልክ ዱላው ከትከሻ በላይ ሲደርስ የተለቀቀ ሳል ነው። የድምቡሼ ኳስ ወደ ግራ ተንገዳግዳ ረጅሙ ሣር ውስጥ ገባች። በመለማመጃው ሜዳ ላይ የነበሩት ልጆች በሙሉ ዞረው አዩ። ጎልፍ ላይ ሌላው ሰው ሊመታ ሲዘጋጅ ማውራት ነውር ነው፤ መንቀሳቀስም ነውር ነው፤ ጥላን በኳሱ መንገድ ላይ መጣል እንኳ ነውር ነው። ማሳልማ አይነሣ።

«ይቅርታ» አለች ቁንዶ። «አቧራ ገብቶብኝ ነው።»

ድምቡሼ ፈገግ አለች። ቁንዶን የሚያንጨረጭራት ይኸው ፈገግታ ነው። ድምቡሼ ጉንጮቿ ሞላ ያሉ፣ ዓይኖቿ ትልልቅ፣ ያያት ሁሉ የሚሳሳላት ልጅ ናት። ወተት ደፍታ «ድመቷ ናት» ብትል ድመቷ ራሷ ይቅርታ ትጠይቃለች። ቁንዶ ደግሞ ቅጽል ስሟን ያገኘችው ከቁንዶ በርበሬ ነው፤ ትንሽ ናት፣ ጥቁር ናት፣ ታቃጥላለች።

«ትኩስ ነገር ጠጪበት» አለቻት ድምቡሼ። «ለጉሮሮ ጥሩ ነው።»

ይህን ያለችው ከልቧ ይመስል ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለዚህ ነው። ድምቡሼ ረስታው ይሆናል። ቁንዶ ግን ያንን ነገር ይዛ ትተኛለች፣ ይዛው ትነሳለች፣ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ሳይቀር ከጎኗ አስቀምጣው ትማራለች።

የሆነው እንዲህ ነው። የዚህ ሜዳ ሰባተኛ ጉድጓድ ያለው ከኮረብታ ጀርባ ነው። መምቻው ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ኮረብታውንና ሰማዩን ብቻ ነው፤ ባንዲራው የተተከለበት ልስልስ ሣር፣ ግሪን የሚሉት፣ ከወዲያ ማዶ ቁልቁል ተደብቋል። ስለዚህ ከግሪኑ ጎን፣ ወደ ስምንተኛው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ግንድ ላይ የተሰቀለ ደወል አለ። ከፊት ያሉት ተጫውተው ሲጨርሱ፣ ማንም ሰው እዚያ አለመቅረቱን አይተው ገመዱን ይስባሉ። ከኋላ ያሉት የሚመቱት ያንን ድምፅ ሲሰሙ ነው። ደወል ከሌለ ምት የለም። አንድ ልጅ እዚህ ሜዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚማረው ይህንን ነው፤ የዱላ አያያዝ እንኳ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አምና በአንድ የልምምድ ቀን ድምቡሼ ብቻዋን ከፊት ነበረች፣ ቁንዶ ከኋላ። ድምቡሼ ቀርፋፋ ናት። አንዲት ኳስ ለመምታት ሣሩን ትነካካለች፣ ነፋሱን ታያለች፣ ጓንቷን ታወልቃለች፣ መልሳ ታጠልቃለች። ያን ዕለት አሰልጣኙ «አንቺ ልጅ፣ ሰው እየጠበቀሽ ነው» ብሎ ተቆጣት። እሷም ተደናግጣ ሰባተኛውን እንደጨረሰች ዞር ብላ ሳታይ ደወሉን ስባ ሮጠች። ቁንዶ ደወሉን በሁለት ጆሮዋ ሰማች። መታች። ኳሷ ኮረብታውን ተሻግራ፣ ከግሪኑ አጠገብ ያለውን የአሸዋ ገንዳ ሬክ በሚሉት ባለ ጥርስ መጥረጊያ ሊያስተካክሉ የገቡትን አዛውንት ትከሻቸውን መታቻቸው።

«እኔ ደወሉን አልሳብኩም» አለች ድምቡሼ ስትጠየቅ፣ እነዚያ ዓይኖቿ እንባ ሞልተው። «አባባ እየሠሩ ስለነበር ነው የተውኩት።»

አዛውንቱ፣ ልጆቹ አባባ አሸዋ የሚሏቸው፣ አንድ ጆሯቸው አይሰማም። «ደወል አልሰማሁም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከቁንዶ ጋር ሲጫወት የነበረው ልጅ፣ አፉ ስለማያርፍ ራዲዮ የተባለው፣ ያን ቀን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ስለነበር ምንም የሚመሰክረው አልነበረውም። ነገሩ የአንዷ ቃል ለሌላዋ ቃል ሆነ። ከዚያ በኋላ የማን ቃል እንደታመነ መናገር አያስፈልግም።

ቁንዶ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ታገደች። እሱስ ይሁን። ልጆቹ ባዩዋት ቁጥር እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ቁንዶ፣ ደወል ሰማሽ?» እያሉ ሙድ ሲይዙባትም ቻለችው። ያልቻለችው ከእናቷ ጋር ይቅርታ ልትጠይቅ አባባ አሸዋ ቤት የሄደችበትን ቀን ነው። ክንዳቸውን በጨርቅ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አልጋ ጫፍ ተቀምጠው ነበር። «ልጅ ነሽ፣ ቸኩለሽ ነው» አሏት። አልቸኮለችም። ግን ምን ትበል?

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለቻት እናቷ ሲመለሱ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተጣመመ ስፌት ሁሉ ተፈትቶ ይስተካከላል ብላ ታምናለች። ቁንዶ ግን ያን ሁሉ ሌሊት አደረች፤ ምንም የጠራ ነገር የለም።

እነሆ ዛሬ ደግሞ ምርጫ ነው። ሌላ ከተማ ሄዶ የሚወዳደረው ቡድን አንድ ቦታ ቀርቶታል። ያንን ቦታ ከቁንዶና ከድምቡሼ ውጭ የሚያገኘው እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ዕጣው ትናንት ሲወጣ ቁንዶና ራዲዮ ከፊት፣ ድምቡሼና ፕሮፌሰር የሚባለው ባለ መነጽር ልጅ ደግሞ ከእነሱ ቀጥሎ ሆኑ። ቁንዶ ሰሌዳው ፊት ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ድምቡሼ ከኋላዋ። ሰባተኛው ላይ ገመዱ በማን እጅ ይገባል ማለት ነው? ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበችም።

ጨዋታው ሲጀመር ቁንዶ እንደ ሰዓት ነበረች። መጣች፣ አየች፣ መታች፣ ሄደች። ራዲዮ ሊያወራ አፉን በከፈተ ቁጥር ጥላው ሄዳ ነበር።

«አቦ ቀስ በይ እንጂ፣ የሚያሳድድሽ አለ እንዴ?» አላት።

«የማሳድደው አለ» አለችው።

ስድስተኛው ላይ ሳሉ ከኋላቸው የአሰልጣኙ ድምፅ ተሰማ። አሰልጣኙ አንገቱ ላይ ሰዓት አንጠልጥሎ፣ ትንሿን የሜዳ መኪና እየነዳ ማን እንደዘገየ ማየት ይወዳል። «ድምቡሼ፣ ከፊትሽ ካሉት ርቀሻል። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚህ በኋላ ከዘገየሽ የቅጣት ምት ይጨመርብሻል።»

ቁንዶ ጀርባዋን ሰጥታ ስለነበር ፈገግታዋን ያየላት የለም። ከዚህ የተመቸ ነገር ከየት ይመጣል? ደወሉን ካልሳበች ድምቡሼ ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያላት። ወይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ትዘገያለች፣ ቅጣቷን ትቀምሳለች። ወይ አምና እንዳደረጋት ትደናገጥና ያለ ደወል ትመታለች፤ ያን ጊዜ ልክ እንደ ቁንዶ ትታገዳለች። ቁንዶ የምትመኘው ይህኛውን ነበር። ብድር በምድር ነው። ቢጠይቋትም መልሷ ተዘጋጅቷል፦ «ደውያለሁ፤ ነፋስ ይሆናል።» ቃል ለቃል ነው። አምናም ቃል ለቃል ነበር።

ሰባተኛው ላይ ኳሷ አሸዋው ገንዳ ውስጥ ገባች። ቁንዶ ገብታ አሸዋውን በትና አወጣቻት፤ ከዚያ ገፋ አድርጋ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተቻት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሬኩን አንስታ የራሷን ዱካ ታስተካክል ነበር፤ እንደዚያ ነው ደንቡ። ዛሬ ግን ሐሳቧ ሁሉ ገመዱ ላይ ስለነበር ዱካዋን እንዳለ ትታው ወጣች።

«አንተ ቅደም» አለችው ራዲዮን። «ደወሉን እኔ እስባለሁ።»

ራዲዮ እያፏጨ ሄደ። ቁንዶ ደወሉ ጋ ደረሰች፣ ገመዱን በጣቷ ነካ አደረገችውና አለፈችው።

ስምንተኛው መምቻ ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ወደ ኋላ ለተመለከተ የሰባተኛው ግሪን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ራዲዮ ኳሱን መትቶ ዞረ።

«ደወልሽ እንዴ? አልሰማሁም እኮ።»

«ደውያለሁ። አንተ ደግሞ መቼ ሰምተህ ታውቃለህ?»

ራዲዮ አንገቱን ደፋ። ይህች ቃል የት እንደምትነካው ቁንዶ ታውቃለች፤ ለዚህ ነው የመረጠቻት።

ታች በመንገዱ የአሰልጣኙ መኪና ወደ ሰባተኛው መምቻ ስታዘግም አየቻት። ድምቡሼም ማየቷ አይቀርም። ጓንቷን ታወልቃለች፣ ታጠልቃለች፣ ደወል ትጠብቃለች፣ ደወል የለም። «ምቺ» አለች ቁንዶ በሹክሹክታ። «ምቺ እንጂ። ምን ትጠብቂያለሽ?» ዱላዋን ይዛ ለመምታት እንደተዘጋጀ ሰው ቆማ ዓይኗን ግን ከኮረብታው አልነቀለችም።

በዚህ መሀል ከቁጥቋጦው ጀርባ አባባ አሸዋ ሬካቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ብቅ አሉ።

አሸዋው ዳር ቆመው በቁንዶ እግር የተረጋገጠውን አዩ። ቀጥለው ደወሉን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ቁንዶን አዩዋትና እጃቸውን አነሱላት። ግራ እጃቸውን ነው፤ ቀኙ ካምና ወዲህ ከትከሻ በላይ አይወጣም።

ቁንዶ መጀመሪያ አልገባትም ነበር። ጨዋ የሚባል ተጫዋች አባባ አሸዋ ሊሠሩ ሲመጡ ካየ ደወሉን ያቆይላቸዋል፤ ደወሉ ዝም እስካለ ድረስ ከኮረብታው ወዲያ የሚመጣ ኳስ ስለሌለ አዛውንቱ ሳይሳቀቁ ሥራቸውን ይጨርሳሉ። እሳቸው እያመሰገኗት ነው። ዝም ያለውን ደወል አምነው፣ በደህናው ጆሯቸው እንኳ ሳይጠነቀቁ፣ ጀርባቸውን ለኮረብታው ሰጥተው ወደ አሸዋው ወረዱ።

ቁንዶ ኮረብታውን አየች፣ አባባን አየች።

ብትደውል ድምቡሼ ትመታለች። ባትደውልም ድምቡሼ ትመታለች፤ እንድትመታ ስትለምን የቆየችው ራሷ ናት። ብትጮህ ነፋሱ ወደ እሷ ነው የሚነፍሰው፣ ወደ እሷ የዞረው ደግሞ ያ የማይሰማው ጆሮ ነው። ቁንዶ ዱላዋን ጥላ ሮጠች።

«ወዴት ነው? ተራሽ እኮ ነው» አለ ራዲዮ ከኋላዋ። «ሰዓት እየተያዘብን ነው፣ ቁንዶ።»

ቁልቁለቱ ላይ አንዴ ወደቀች፤ ክርኗ ተላጠ፤ ተነስታ ሮጠች። አሸዋው ውስጥ ዘላ ገብታ የአባባን እጅጌ ያዘች።

«አባባ፣ ይውጡ። ይውጡ፣ ይውጡ።»

«ምነው ልጄ? ደወሉን አቆይተሽልኝ የለም እንዴ?»

ጎትታ ከደወሉ ግንድ ጀርባ አደረሰቻቸው። ገና ትንፋሿን ሳትሰበስብ ከኮረብታው በላይ አንዲት ነጭ ነገር ብልጭ ብላ መጣችና አሸዋው ውስጥ ዱብ አለች። ትንሽ ተንከባላ ቁንዶ ሳታስተካክለው በወጣችው ዱካ ውስጥ አረፈች።

አባባ አሸዋ ኳሷን አዩ። በግራ እጃቸው ቀኝ ትከሻቸውን ያዙ።

ወዲያው ሁሉም ግር ብሎ መጣ። አሰልጣኙ መኪናዋን ኮረብታው ጫፍ አቁሞ በእግሩ ወረደ። ድምቡሼ ከፊቱ እየሮጠች ነበር፤ ፕሮፌሰር መነጽሩን በእጁ ይዞ ከኋላ ይከተላል። ራዲዮም ከላይ ወርዶ ደረሰ።

«ሰው ተመታ?» አለች ድምቡሼ። ያ ሞላ ያለ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አልተመታም» አለ አሰልጣኙ አባባን ከእግር እስከ ራስ አይቶ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ስደርስ ኳስሽ አየር ላይ ነበር። ደወል ሰምተሻል?»

«የሰማሁ... የሰማሁ መስሎኝ ነው።»

«አንተስ?» አለ ፕሮፌሰርን።

«እኔ አልሰማሁም። ቆይ ብያት ነበር።»

አሰልጣኙ ቁንዶን አያት። «ደውለሽ ነበር?»

ቁንዶ አፏን ሳትከፍት ራዲዮ ቀደማት። «ደውያለሁ ብላኛለች። እኔ ግን... እኔ አልሰማሁም።»

«የለም፣ የለም» አሉ አባባ አሸዋ። «ለእኔ ብላ ነው ያቆየችው። እጄን አንስቼ አመስግኛታለሁ እኮ። ኋላም ሮጣ መጥታ ያወጣችኝ እሷ ናት። ትባረክ። አምና የሆነውን በዚህ ካሰችኝ።»

አሰልጣኙ ቁንዶን የሚያይበት ዓይን ሲለሰልስ ታያት፤ ካምና ወዲህ እንዲህ አይቷት አያውቅም። በቃ፣ አለቀ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የምትቀራት። ድምቡሼ ትታገዳለች፣ ቁንዶ ከቡድኑ ጋር ትሄዳለች፣ ቀና ብላም ትሄዳለች። ማለት ያለባት ይህን ነው፦ «አባባ እየሠሩ ስለነበር ነው የተውኩት።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ታውቃታለች። ከማን አፍ እንደሰማቻትም ታውቃለች። ድምቡሼን ቀና ብላ ስታያት፣ ድምቡሼም እየጠበቀች ያለችው ያችኑ ዓረፍተ ነገር እንደሆነ ከዓይኗ አነበበች። ፈርታለች። ፍርሃቷን አይታ ቁንዶ ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል፣ ደስ አላት። አንድ ዓመት ሙሉ የናፈቀችው ፊት ይህ ነው። አይታ አይታ ግን አልጠገበችም። ያችን ቃል አሁን ካለቻት ደግሞ የድምቡሼን ውሸት ለብሳ ልትሄድ ነው።

«ለአባባ ብዬ አይደለም» አለች።

«እ?» አሉ አባባ አሸዋ ጆሯቸውን አዙረው።

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም፣ አባባ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሲመጡም አላየሁም ነበር። ደወሉን ሆን ብዬ ነው ያልሳብኩት። እሷ እንድትዘገይ፣ ወይ ያለ ደወል እንድትመታና እንድትባረር። ያው መታች። ለራዲዮ ደውያለሁ ያልኩትም ውሸት ነው። አሸዋውንም ሳላስተካክል የወጣሁት እኔ ነኝ።»

አባባ አሸዋ ትከሻቸውን የያዘውን እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ይህ ከምንም በላይ ቆረጣት።

«የምትይው ነገር ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ?» አለ አሰልጣኙ።

«አውቃለሁ። አምና ቀምሼዋለሁ።» ከዚያ በኋላ ያለውን የተናገረችው ለድምቡሼ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው እዚያ የሌለ ይመስል። «የዛሬው የእኔ ነው፤ ተናገርኩት። አምና ደወሉ ተደውሎ ነበር። ያ ያንቺ ነው።»

አባባ አሸዋ ደህናውን ጆሯቸውን ወደ ድምቡሼ አዞሩ።

«ደውለሽ ነበር እንዴ፣ ልጄ?» አሏት። ቁጣ የለበትም፤ የጠፋባቸውን ዕቃ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር ያሏት።

ድምቡሼ ቀና ብላ አየቻቸው። እንባ ሲመጣ አልታየም፤ ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች።

ከኮረብታው ወዲያ የሰው ድምፅ ተሰማ። ቀጣዮቹ ሁለት ተጫዋቾች መምቻው ላይ ደርሰው ደወል እየጠበቁ ነው። ቁንዶ ሬኩን ከአባባ እጅ ተቀበለች፤ እሳቸውም ሳያይዋት ሰጧት። አሸዋው ውስጥ ገብታ ዱካዋን ከዳር እስከ ዳር አስተካከለች። የድምቡሼ ኳስ ያረፈችበትን ዱካ ብቻ አልነካችውም፤ ኳስ የሚመታው እንዳረፈ ነው። ሬኩን ከቦታው መልሳ ወደ ደወሉ ሄደች።

«ከዚህ ዞር በሉ» አለች። «ከኋላ ሰው እየጠበቀ ነው።»

አንድ በአንድ ወጡ። ራዲዮ ወጣ፣ ፕሮፌሰር ወጣ፣ አሰልጣኙ ራሱ አባባን ደግፎ ወደ መንገዱ ወጣ። ድምቡሼ ብቻ ባንዲራው ሥር ጓንቷን በእጇ ይዛ ቆማ ቀረች። አባባ አሸዋ መንገዱ ላይ ሆነው ፊታቸውን ወደ እሷ እንዳዞሩ ነው።

ቁንዶ ገመዱን ጨበጠች። አልሳበችውም። ድምቡሼ እስክትጨርስ ድረስ፣ መሄዷንም ይሁን መናገሯን፣ ዓይኗን ከእሷ ላይ ሳታነሳ ጠበቀቻት።